ሐይቅ ዳር በልጆች ዓይን፦ የሐዋሳ ዳርቻ፣ መናፈሻዎቹና መጫወቻዎቹ

ሐዋሳን የሚያወድስ ጽሑፍ ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ልጅ ሳያስከትል በሄደ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ስለ ፀሐይ መጥለቂያው፣ ስለ ዓሣ ጥብሱና ስለ ሐይቅ ዳሩ ቡና ብዙ ተብሏል፤ የአራት ዓመት ሕፃን ውኃ ዳር ምን ስታደርግ እንደምትውል፣ የስምንት ዓመት ልጅ ከረፋድ እስከ ማታ በምን እንደሚጠመድ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ደግሞ የት አረፍ እንደሚሉ የሚነግረን ግን እምብዛም አናገኝም። እኔ ወንዱን ልጄን፣ ታናሽ እኅቱንና እናቴን ይዤ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ሦስት ሌሊት አድሬ ስለተመለስሁ፣ የምሰጠው አስተያየት በእነዚህ ሦስት ሰዎች የተመዘነ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ የሐዋሳ ዳርቻ አስቦ ለልጆች ካሰናዳው ነገር ይልቅ ሳያስበው የሰጣቸው እጅግ ይበልጣል፤ ከፍለን ከገባንባቸው መጫወቻዎች ይልቅ ማንም ያላጠረው ግድብና የዋርካ ጥላ ልጆቼን አጥግቧቸዋል።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የክፍያ መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ከባቱ በኋላ በየከተማው የሚያጋጥመው ባጃጅ፣ ጋሪና መንገድ የሚያቋርጥ ከብት ለአሽከርካሪ ፈተና ቢሆንም፣ ከኋላ ወንበር ለተቀመጡት ልጆቼ ግን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ትርኢት ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ ከአዲስ አበባ ይሞቃል፤ ማታ ግን ለልጆች ቀለል ያለ ሹራብ መያዙ አይከፋም።

ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ አቀማመጡን ላስረዳ። ሐይቁ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወደዚያው የሚዘረጋው ሰፊ መንገድ ቀጥ ብሎ ሄዶ ውኃው ላይ ያበቃል፤ ያ ጫፍ ፍቅር ሐይቅ ይባላል። ከፍቅር ሐይቅ በግራ በኩል ዳርቻውን ይዞ የሄደ ሰው ውሎ አድሮ አሞራ ገደል ከሚባለው የዓሣ ገበያና መናፈሻ ይደርሳል፤ ከአሞራ ገደል በላይ የታቦር ተራራ ቆሟል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የሚነዳ ሰው ይበዛባታል፤ ለልጅ የሚሆን የሚከራይ ብስክሌት ሲገኝም ፍሬኑን ሳይሞክሩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ከዚህ በኋላ የምገልጸውን ሁሉ የተመለከትሁት የክፍለ ከተማ ወሰን ሳልጠብቅ ይህን ዳርቻ በእግር እየተከተልሁ ነው።

መጀመሪያ ስለ ግድቡ። በዳርቻው ላይ ለረጅም ርቀት የተዘረጋው የአፈር ግድብ የተሠራው ሐይቁ ሲሞላ ወደ ከተማው እንዳይዘልቅ ነው፤ ሕዝቡ ግን የእግር መንገድ አድርጎታል። በስተ ቀኝ ፊላና ቄጠማ የበቀለበት ውኃ፣ በስተ ግራ ዛፎችና የሰው መኖሪያ፣ መሐል ላይ ደግሞ መኪና የማይገባበት ቀጭን ጎዳና አለ። ልጄ በመጀመሪያው ጠዋት እዚህ ላይ ቆሞ፣ «ሐይቁ ሲሞላ ውኃው የት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጥያቄው ከገመትሁት በላይ ከባድ ነበር። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ በዘመናት ብዛት እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨዋማ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ግን ጣፋጭ ውኃ እንደያዘ ይኖራል፤ በዚህም ምክንያት ከመሬት በታች እየሰረገ የሚሄድ ውኃ አለው ተብሎ ይታመናል። ልጄ ይህን ከሰማ በኋላ ከግድቡ ጎንበስ እያለ ቀዳዳውን ሲፈልግ አረፈደ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ነጻ መጫወቻ አላየሁም።

ግድቡ ላይ ለመሄድ ትክክለኛው ሰዓት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ውኃው ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ወፎቹም ሥራ ላይ ናቸው። ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከውኃው በላይ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ፣ ክንፉን እያርገበገበ፣ ምንቃሩን ቁልቁል ቀስሮ ለጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይወድቃል። ሴቷ ልጄ በወደቀ ቁጥር «ወደቀ!» ትላለች፤ ወፉ ዓሣውን ይዞ ሲነሣ ደግሞ «አልወደቀም!» ብላ ታርማለች። በውኃው ላይ በተነጠፉት ሰፋፊ ቅጠሎች ላይ ሳይሰጥም የሚራመድ ረዣዥም ጣት ያለው ቡናማ ወፍም አለ፤ እርሱን ለማሳየት ብዙ ጣት መቀሰርና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካዩት በኋላ ግን ልጆቹን ከዚያ ማስነሣት አይቻልም። የግድቡ ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአንዳንድ ቦታ ዳገቱ ወደ ውኃው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድና መከለያ ስለሌለው የአራት ዓመት ልጅ እጅ ሊለቀቅ አይገባም። ሁለተኛው የፕላስቲክ ቆሻሻው ነው። ነፋሱ ወደ ዳር የሚገፋው ባዶ ጠርሙስና ፌስታል ፊላው ሥር ተከማችቶ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያጸዱ ሠራተኞች አይቻለሁ፤ የሚጥለው ሰው ግን ከሚያጸዳው ይበልጣል።

አሁን ወደ አሞራ ገደል። ሐዋሳ ለሚሄድ ቤተሰብ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ለዚያውም በማለዳ። የመግቢያ ትኬት ቆርጠን ስንገባ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር፤ ሌሊቱን መረባቸውን ጥለው ያደሩ ጀልባዎች አንድ በአንድ ወደ ዳር እየተጠጉ ነበር። የሚወርደው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አልፎ አልፎ አምባዛም ይወጣል። ልጆቼ ዓሣን የሚያውቁት ሣህን ላይ ስለነበር፣ ጢም ያለው ሕያው አምባዛ ጭቃው ላይ ሲገላበጥ ባዩ ጊዜ ትልቁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ትንሿ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

ዓሣውን የሚበልቱት ወጣቶች የእጅ ሥራቸው እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ የሚታይ ነው። አንዱ ወጣት ቅርፊቱን ጅራቱን ይዞ ወደ ላይ ይገፍፋል፤ ቢላዋውን ከስንጥቡ ሥር አስገብቶ አከርካሪውን ተከትሎ እስከ ጅራቱ በአንድ ምት ይወስዳል፤ ገልብጦ ያንኑ ይደግማል፤ ነጩ ሥጋ ወዲህ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ወዲያ። በጣቴ ምት እየቆጠርሁ ብጠብቀው አንዱን ዓሣ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም። እናቴ ቀረብ ብላ አጠገቡ ካለው ሣህን በዳጣ እየነከሩ የሚበሉትን ሰዎች አየችና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሳይበስል ነው የሚበላው?» አለችው።

«አዎ እማማ፤ ትኩስ ነው፤ አሁን የወጣ ነው። ትንሽ ይቅመሱ እስቲ።»

«ተወኝ ልጄ፤ እኔ ጥሬ የምበላው የበሬ ብቻ ነው» አለች፤ ዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ ቀመስሁት። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ ከዓሣው ይልቅ የሚያስታውሱት ዳጣውን ነው፤ ነገር ግን ጥሬ ዓሣ የሆድ ትላትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለልጆች አልሰጠሁም፤ ሌላውም እንዲሰጥ አልመክርም። ለእነርሱ እዚያው የሚሸጠው ትኩስ የዓሣ ሾርባ በቂ ነው። ልጄ ሁለት ኩባያ ጠጥቷል፤ ቤት ውስጥ ሾርባ የሚባል ነገር ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው።

የአሞራ ገደል ዋናው ባለሟል ግን ሰው አይደለም፤ አባ ኮዳ ነው። ከበላቾቹ ኋላ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ የሚጣልላቸውን አንጀትና ጭንቅላት የሚጠብቁት እነዚህ ወፎች ቁመታቸው እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ ሴቷ ልጄ ቀና ብላ ነው የምታያቸው። ራሳቸው ላይ ላባ የለም፤ ከአንገታቸው ሥር ደግሞ ሥጋማ ከረጢት ተንጠልጥሏል። «አያ፣ ፀጉሩስ?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ ሳታመነታ «ተላጭቶ ነው» አለቻት፤ ከዚያ ወዲያ ሦስቱንም ቀን ወፉ «የተላጨው» ሆኖ ቀረ። አጥንት ሲወረወር ሁሉም ባንድ ጊዜ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ድምፁ እንደ ትልቅ ሸራ መወጠር ያለ ነው፤ ሕፃን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ራቅ ብሎ መቆም ይበጃል። ለወፉ ዓሣ እያበላን እናሳያችሁ የሚሉ ልጆች ይመጣሉ፤ የሚጠይቁት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ካልተነጋገሩ አንዱን ሲከፍሉ አምስቱ ይሰለፋሉ።

መሬቱ በዓሣ ደምና ቅርፊት የተነሣ ያንሸራትታል፤ አጥንትም ይወጋል። ክፍት ጫማ አድርጎ የመጣ ልጅ ደስ ብሎት አይመለስም። ሽታውም አለ፤ አፍንጫ ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይለምደዋል፤ ልብስ ግን አይለምደውም፤ እስከ አዲስ አበባ ይዞት ይመጣል።

ከገበያው ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ የዛፉ ክፍል ይጀምራል። በሾላውና በዋርካው ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ መሰል እንስሳት አሉ፤ ጠባያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጦጣው ሌባ ነው። እናቴ የያዘችውን የሙዝ ፌስታል ለመክፈት ጎንበስ ባለችበት ቅጽበት አንዱ ከኋላዋ መጥቶ ፌስታሉን ከነሙዙ ወስዶባት ዛፍ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ እየላጠ ልጣጩን ወደ እኛ ወረወረ። እናቴ መጀመሪያ ክው አለች፤ ቀጥላ ግን፣ «ይብላ፤ እሱም የእግዜር ፍጥረት ነው» አለች፤ ልጄም በቀረልን ብስኩት ላይ ተመሳሳይ ርኅራኄ እንዳይታዘዝ ብሎ ሸሚዙ ውስጥ ሸሸገው። ጉሬዛው ደግሞ ጨዋ ነው። ጥቁር አካሉ ላይ ነጭ ካባ እንደ ደረበ ሆኖ፣ ረጅም ነጭ ጅራቱን አንጠልጥሎ፣ ከላይ ቅጠሉን እየቆረጠ ይበላል፤ ከሰው እጅም ምንም አይሻም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወላጅ አንድ የማስተማሪያ ነጥብ ልጠቁም፤ የጉሬዛ አውራ ጣት ጉጥ ብቻ ነው፤ ቅርንጫፍ የሚይዘው በአራቱ ጣቶች ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ አጥፎ የመናፈሻውን አጥር ለመውጣት ሞክሮ፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ በጉልበቱ ቁስል አረጋግጧል።

ስለ መጫወቻዎቹ ብዙ የምለው የለኝም፤ የሚባለውም ደስ አያሰኝም። በዳርቻው ካሉት መናፈሻዎች በአንዱ፣ ስሙን ባልጠቅሰው የምመርጥ፣ ለመግቢያ ከከፈልን በኋላ ለዥዋዥዌው ለብቻ፣ ለሸርተቴው ለብቻ፣ በአየር ለሚነፋው ጃምፒንግ ደግሞ በደቂቃ ተቆጥሮ ለብቻ እንድንከፍል ተጠየቅን። ከአራቱ ዥዋዥዌዎች የሁለቱ ሰንሰለት ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል። ሸርተቴው ከብረት የተሠራና ጥላ የሌለው በመሆኑ በአምስት ሰዓት ፀሐይ የልጄን ጭን አቃጥሎት በዕንባ ወረደች፤ እግሯ በሚያርፍበት ቦታም አሸዋ ሳይሆን የጠነከረ መሬት ነበር። ተቆጣጣሪው ትሑት ሰው ነው፤ «ይቅርታ ጋሼ፤ እንዲጠገን ተናግረናል» አለኝ፤ ይህንኑ ከእኔ በፊት ለመጣው ሰውም ሲል ሰምቻለሁ። ዐሥር ሜትር ፈቀቅ ብሎ ትልቅ ዋርካ ጥላውን ጥሎ ቆሟል። ያንኑ ሸርተቴ ከዋርካው ሥር ቢያቆሙት ምን እንደሚጎዳቸው እስካሁን አልገባኝም። ከአምስት ነጥብ ሁለት እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱም ለሰውዬው ትሕትና ነው። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ኳስ ቢይዝ ይሻለዋል።

ልጄን ከሁሉ በላይ ያሳዘነው ግን ሌላ ነው። ሐይቅ ማለት መዋኛ ማለት መስሎት የዋና ልብሱን ከአዲስ አበባ ጀምሮ ከሱሪው በታች ለብሶ ነበር የመጣው። የሐዋሳ ዳርቻ ሰው አሸዋ ላይ ተኝቶ ውኃ ውስጥ የሚነከርበት የባሕር ዳርቻ ዓይነት አይደለም። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ይታያሉ፤ ይህ ግን ለእንግዳ ማስረጃ አይሆነውም። በመጀመሪያ፣ በሐይቁ ዳርቻዎች የቢልሃርዝያ በሽታ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ተሐዋሲው በውኃ ዳር ሣር ላይ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ እግርን ብቻ መንከርም ቢሆን ከአደጋው አያድንም። ሳያውቅ የገባ ሰው ለወራት ምንም ሳይሰማው ሊቆይ ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መመርመር ይገባዋል፤ በሽታው መድኃኒት አለው። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ማታ ማታም ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ይህን ሁሉ ለስምንት ዓመት ልጅ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። መፍትሔው፣ ዳርቻው ላይ ከሚገኙት ሆቴሎች ለውጭ እንግዳ የመዋኛ ገንዳ የሚፈቅዱ ስላሉ አንዱን ከሰዓት በኋላ ለዚያ መስጠት ነው፤ እኛም ያን አደረግን፤ ልጁም ታረቀን። በየመግቢያው ግልጽ የሆነ፣ ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ ቢሰቀል ግን ለስንቱ ቤተሰብ በጠቀመ።

ጀልባ በሁለት መንገድ ሞከርን። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣን፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ውኃ ይናወጣል፤ ጀልባዋ ስትነሣና ስትወድቅ እናቴ ዳዊት ጀመረች። ከዚህም የባሰው፣ ባለ ጀልባው ለአዋቂ የሚሆን ላይፍ ጃኬት እንጂ ለልጅ የሚሆን አልነበረውም፤ ይህንንም የነገረን ከተሳፈርን በኋላ ነው። መልሰኝ አልሁት፤ መለሰኝ፤ የከፈልሁትን ግን ግማሹን ብቻ ነው የመለሰው። በማግሥቱ ማለዳ ሌላ ባለ ጀልባ አነጋገርን፤ መጀመሪያ የልጆቹን ጃኬት አስለካን፤ ቀጥሎ ዋጋውንና የሚወስደንን ጊዜ ተስማማን፤ ከዚያ ተሳፈርን። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው መሐሉ ላይ ሲደርሱ ከተማዋ ወደ ቀጭን መስመር ትቀየራለች። ጉማሬዎቹ ካሉበት ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ፤ ከውኃው በላይ የሚታየው ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ ነበር፤ አንዱ ትንፋሹን ሲለቅ ግን ልጆቼ እርስ በርሳቸው ተቃቀፉ። ባለ ጀልባው ርቀቱን ጠብቆ ቆሞ፣ «ቅርብ ቢሉኝ እንኳ አልቀርብም ጋሼ፤ ግልገል አላት» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠመ የጠየቀውን መክፈል ነው።

ጉዱማሌን ያየነው በተራ ቀን ነው። እዚያው ሐይቁ አጠገብ ያለው ይህ ሥፍራ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ በአደባባይ የሚከበርበት ነው፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የተባሉት አዋቂዎች የሰማይ አካላትን አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። አንዲት የአካባቢው እናት እንደነገሩን፣ በዚያ ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤት ሁሉ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ያጎርሳቸዋል፤ ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ በዓሉ መቼ እንደሆነ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። እኛ በደረስንበት ቀን ሜዳው ባዶ ነበርና ኳሳችንን አውጥተን ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰባት ልጆች ተጨመሩ።

ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ነው። ሥራውን የጨረሰ፣ ተማሪው፣ አዲስ ተጋቢው፣ ጡረተኛው ሁሉ ወደዚያው ይወርዳል። ፀሐይ ከማዶ ኮረብታዎች ኋላ ስትገባ ውኃው መጀመሪያ መዳብ፣ ቀጥሎ አመድ ይመስላል፤ ስለዚህ ብዙ ስለተጻፈ አልጨምርበትም። የምጨምረው ስለ ወንበር ነው። ለእናቴ ከሁሉ የተመቸው ቦታ ዳር ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጀበና ቡና ከሚያፈሉት ሴቶች የአንዷ ዝቅተኛ በርጩማ ሳይሆን፣ ሴትዮዋ የእናቴን ጉልበት አይታ ከጎረቤት ካፌ ለምና ያመጣችላት ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። «እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ውኃውን እያዩ ነው የሚጠጡት» አለቻት። ለልጆቹ ፈንዲሻ ሰጠቻቸው፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳንጠጣም አልለቀቀችንም። በዚህ ሁሉ መሐል ሰላም የሚነሳው፣ ጎን ለጎን ያሉት ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሙዚቃ በትልቅ ድምፅ ማጉያ መልቀቃቸው ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ይሰማል፣ አንዱንም አያደምጥም። ከመሸ በኋላ የዳርቻው መንገድ በአንዳንድ ቦታ መብራት የለውም፤ መጸዳጃ ቤት ደግሞ ካፌ ውስጥ ካልሆነ በቀር ማግኘት ያስቸግራል፤ ሕፃን የያዘ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት። ትንኝም ይነሣል፤ ሐዋሳ ወባ ያለባት ከተማ ስለሆነች እጅጌው ረጅም ልብስና የሚቀባ መከላከያ አስፈላጊ ነው፤ ማደሪያ ሲይዙም ክፍሉ አጎበር እንዳለው ይጠይቁ።

ታቦርን የወጣነው እኔና ልጄ ብቻ ነን፤ በመጨረሻው ቀን፣ ፀሐይ ሳትበረታ። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሲወርዱ ግን ልል ድንጋይ ስለሚያንሸራትት ለአራት ዓመት ልጅና ለአያት አይሆንም። ከላይ ሆኖ ሦስት ቀን የዞርንበትን ሁሉ በአንድ ዓይን አየን፤ ግድቡ እንደ ክር፣ ጀልባዎቹ እንደ ጤፍ፣ በአንድ በኩል ከተማው፣ በሌላው ሐይቁ። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ፣ «አባ፣ አሁንም መውጫው አይታይም» አለኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ የማደርገውን አውቄዋለሁ። ማደሪያዬን ከአሞራ ገደል በእግር በሚደረስበት ቦታ እይዛለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ዳርቻው ስለሚጨናነቅና ዋጋውም ስለሚንር በሥራ ቀን እሄዳለሁ፤ ጠዋቱን ለግድቡና ለገበያው፣ ቀትሩን ለዋርካ ጥላና ለገንዳ፣ ማታውን ለቡና እከፍለዋለሁ፤ ለመጫወቻው የከፈልሁትን ገንዘብ ደግሞ ለሾርባ አውለዋለሁ። እናቴም የራሷን ዕቅድ አውጥታለች፤ ከዚያ ወጣት ላይ ዐሥር ቆሮሶ አስበልታ፣ ከቤት ይዛው በምትሄደው በርበሬና ቅቤ ራሷ ዳር ላይ ልትሠራው ነው፤ ድስቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገረችኝም።